ወለሉን አትንኩብኝ

ሻርጃ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለዘይኑ፣ ከሚሴ። ሰላምታዬ እንደ ክረምት ቦርከና ሞልቶ ይድረስህ። የእማን ጉልበት ሳምልኝ፣ ሚስትህን ዓፊያን እቀፍልኝ፣ ልጆቹን አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እንደ ልማዴ ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ዓባያ ስሰፋ እውላለሁ።

ለምን አትደውዪም እንዳትለኝ። ስልኩን ታውቀዋለህ፤ አንተ «ሃሎ» ሳትል እማ ትቀማሃለች፣ ከእማ ልጆቹ ይቀማሉ፣ ከልጆቹ ኔትዎርኩ ይቀማል። ጎረቤታችሁ ጀይላን ለንግዱ እስከተመላለሰ ድረስ ቁም ነገር በወረቀት ይሻላል።

ቁም ነገሩ ይኸውልህ። ዓምና ጨፋ ሮቢት ላይ ቆርቆሮ ስትመታ ከጣሪያ ወድቀህ እግርህ የተሰበረ ጊዜ፣ «ካልዳንክ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ» ብዬህ ነበር። አንተም «ድኛለሁ፣ እንደ ድሮዬ ነኝ» አልከኝ። እሺ፣ አመንኩህ። ጣሪያ ላይ ግን ሁለተኛ እንዳትወጣ! ወላሂ ወጣህ ሲሉኝ ብሰማ ዓመት አላናግርህም። ምድር ላይ የሚሠራ የአናጢ ሥራ ሞልቷል።

እንዴት እንደምትሠራ ግን አስበው እስቲ። ግማሹ ከተማ አንተ በሠራኸው ጠረጴዛ ላይ ይበላል፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለህ፣ ጣውላውን በእግርህ ረግጠህ ይዘህ ትልጋለህ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ያ እግር ከእንግዲህ ማረፍ አለበት። የአባባ የከብት ቤት ባዶውን አይደል የቆመው? እዚያ ውስጥ ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ ሥራና ቆመህ ሥራ። እንጨቱን ጠርቅሞ የሚይዝልህ ሞርሳ በጀይላን ልኬልሃለሁ። ከባድ ስለሆነ ሲያጉረመርም ብትሰማ ዝም በለው።

እህትህ ሳቢራ


ከሚሴ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለእታለሜ ለሳቢራ። አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ዓይንሽን ከመርፌው ይጠብቅልን። እማ ደህና ነች፤ «ልጄ ከስታ ይሆን?» እያለች ጀይላንን በጥያቄ አድርቃዋለች። እሱም ሞርሳውን ከባጃጅ አውርዶ ወገቡን ይዞ፣ «እህትህ ብረት አሸክማ ልትገድለኝ ነው» ብሎ ተራግሞ፣ ምሳ በልቶ ሄደ።

ስለ እግሬ ጠይቀሻል። ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ። አሁን ወደ ጠረጴዛው ልግባ።

ከድሮ የእህል መጋዘን በር የወጣ የዋንዛ ጣውላ አገኘሁ፤ ውፍረቱ ደስ ይላል። ለእግሮቹ የጥድ አጣና ጠረብኩ። ግቢው መሃል፣ ሜዳው ላይ፣ በውሃ ልክ እያየሁ ገጣጠምኩት። እታለም፣ ኩራቴን ብታዪው! አራቱ እግሮች እኩል፣ ገጹ ለጥ ያለ። ብትወጪበት አይነቃነቅም። ጁምዓ ከሶላት መልስ ጎረቤቱን ጠርቼ ተሸከሙልኝ። በሩ አልበቃ አለን፤ መቃኑን ነቅለን አስገባነው። ቢስሚላህ ብለው ሲያስቀምጡት ጠረጴዛዬ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ይወዛወዝ ጀመር።

ግንበኛውን ሲራጅን ታውቂው የለ፤ የልጅነት ጓደኛዬን። መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀብኝ። «ማል ታቴ ዘይኑ? ምን ሆነሃል? ለበሬ በተሠራ ቤት የሰው ጠረጴዛ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። አባባ ያንን ቤት ለሰው አልሠራውም። የከብቱ ሽንት እንዳይጠራቀም ብሎ፣ ወለሉን ከጀርባው ግድግዳ ወደ በሩ አዘቅዝቆ ነው ድንጋይና አፈር የደለደለው። እኔ ደግሞ ልጅነቴን በሙሉ እዚያ ውስጥ አዛባ ስጠርግ ያደግሁ ሰውዬ፣ ይህንን ረስቼ አራት እኩል እግር ቆርጬ ገባሁ። አናጢ ሆኜ የመጀመሪያ ቀኔ እንኳ እንዲህ አልተሳሳትኩም።

ለጊዜው ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሸጎጥኩ። መላጊያ በገፋሁ ቁጥር ግን ድንጋዩ እየሸሸ ጠረጴዛው ወደ በሩ ይራመዳል። በዚህ አያያዙ ለእሑዱ ሰንበቴ ገበያ ሳይደርስ አይቀርም።

ወንድምሽ ዘይኑ


ሻርጃ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ወንድምዓለም፣ ረመዳን በሰላም ይግባላችሁ። የጾሙን ምንዳ አላህ ለእማ በጤና ይክፈላት።

በሳቅ ሞትኩ። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች «ምን ሆነች?» ብለው ሥራ አቆሙ። በአማርኛ የሳቅሁትን በዓረብኛ ላስረዳ ስል ጭራሽ ባሰብኝ፤ የከብት ሽንት ምን ተብሎ ይተረጎማል?

አሁን ሳቁን ተወውና ስማኝ። ድንጋይ መሸጎጥ ሥራ አይደለም። ወለሉን በሲሚንቶ አስተካክለው። ሲራጅ እያለልህ ምን ትጠብቃለህ? ዘቅዛቃ መሬት ላይ ቆሞ መሥራት ለተሰበረ እግር ጥሩ አይደለም፤ አዳልጦህ ብትወድቅስ? ለጣሪያው ስፈራልህ ወለሉ ይጣልህ?

ደግሞ አንድ ነገር። ዓፊያ በስልክ በላከችልኝ ቪዲዮ ጠረጴዛውን አየሁት፤ ማሻአላህ። አንተ ግን ከዳር እስከ ዳር ተቀምጠህ ነው የምታወራው። ተነሥተህ ስትራመድ አላየሁም። በሚቀጥለው ተራመድልኝ።

እህትህ ሳቢራ


ከሚሴ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም። ዒድ ሙባረክ፣ እታለም።

በመዘግየቴ አፉ በይኝ። ጾም ነበር፣ ከጾሙም በኋላ ነገር ሁሉ ቀዝቀዝ ብሎብኛል።

ጠረጴዛው ልክ ሆኗል። ወደ ጀርባው ግድግዳ ያሉትን እግሮች አሳጠርኩ፣ በበሩ በኩል ያሉትን እንደነበሩ ተውኩ። በሩን ስትገቢ በቀኝ ባለው ግድግዳ፣ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ያለበት ቦታ አቆምኩት። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ቀጥ ብላለች። ስለዚህ ሲሚንቶውን አታስቢ፤ አያስፈልግም።

እኔ ግን ብዙ አልቆምበትም። ወገቤን ይዞኛል፤ ጾሙ ይሆናል። መሬት ቁጭ ብዬ ማማሰያና በርጩማ እጠርባለሁ፤ ለዚያ ሞርሳ አያስፈልግም። ጀይላን ሞርሳውን ወስዶ የሚገዛ ሰው ሊያገኝለት ይችል እንደሆነ ጠይቂልኝ። እዚህ ዝም ብሎ ከሚዝግ ለሚጠቀምበት ቢደርስ ይሻላል። እንዳትቆጪብኝ፤ አንቺ የላክሽውን ንቄ አይደለም።

እማ ደህና ነች። ዓፊያም ደህና ነች። ለእኔ ዱዓ አድርጊልኝ።

ዘይኑ


ሻርጃ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ዘይኑ፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። መጋዝህን ለሰው ማዋስ እንኳ የማትወድ ሰው ሞርሳ ይሸጥልኝ ትላለህ? ማማሰያ? አንተ የመስጊዱን በር የሠራኸው ልጅ ማማሰያ ስትጠርብ ልትኖር?

ሞርሳው አይሸጥም። ሽጠኸው ብሰማ ራሴ መጥቼ ሌላ አሸክምሃለሁ።

ወገቤን ያልከው ከወለሉ እንደሆነ ገብቶኛል። ዳገት ላይ ተንጋደው ቆመው ወገብ አይታመም? አንተ እንቢ ብትልም እኔ ነገሩን ጨርሻለሁ። ለሲራጅ ደውዬለታለሁ፤ ከዐረፋ በኋላ የሰፈሩን ሰው በጅጌ ጠርቶ በአንድ ቀን ወለሉን ሊያስተካክልልህ ቃል ገብቷል። ሲሚንቶው በጀይላን በኩል ተገዝቷል። ዓፊያ ለጅጌው ንፍሮ ትቀቅል፤ አንተ ቆመህ ማየት ብቻ ነው።

ለዐረፋ ሱሪ ሰፍቼልሃለሁ፤ የጥንቱ ልክህ ከጄ አልጠፋም። ለብሰኸው፣ ቆመህ፣ ፎቶ ላክልኝ።

አላህ ልብህን ያበርታው። አብሽር ወንድሜ።

ሳቢራ


ከሚሴ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

እታለም፣ ሱሪው ደርሶልኛል። ጨርቁን አይተው እነ ሲራጅ ቀኑብኝ። ፎቶውን ዓፊያ ልካልሻለች፤ እንዳልሽው ቆሜ ነው የተነሣሁት። ሞርሳውም አይሸጥም፤ ያልኩትን እንዳላልኩት ቁጠሪልኝ። ሥራ ይዣለሁ፤ አሁን በር እየሠራሁ ነው።

ነገር ግን ካንቺ ጋር የሚያጣላኝ ነገር ተፈጥሯል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

ጅጌው መጣ። ሲራጅ ሰውን ከነአካፋው አስከትሎ፣ አሸዋውን በጋሪ አስጭኖ፣ በማለዳ ግቢውን ሞላው። ዓፊያ ንፍሮ ቀቅላ፣ የአብሽ ውሃ በጥብጣ ትጠብቃለች። እኔ ያንቺን ሱሪ ለብሼ የከብት ቤቱ በር ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩና፣ «ወለሉን አትንኩብኝ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ከበሩ አልነቃነቅ ስል ሳቁ ቆመ።

«ዘይኑ፣ ማሎ» አለ ሲራጅ፣ «እባክህ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ። ጅጌ ተጠርቶ ይመለሳል እንዴ? በአገራችን ተሰምቶ ያውቃል?»

«አልመልሳችሁም» አልኩት። «ሲሚንቶውም አለ፣ አሸዋውም አለ፣ ጉልበቱም አለ። የመስጊዱን የዉዱእ ቦታ ጭቃ እየረገጥን አይደል ለሶላት የምንገባው? ወደዚያ ውሰዱት። በሳቢራ ስም ሰደቃ ይሁን።»

ጉርምርምታ ሆነ። ኋላ አንድ ሽማግሌ «ሰደቃ እንቢ አይባልም» ብለው ጋሪውን ወደ መስጊዱ አዞሩት። ለዙህር ሶላት ጨርሰውት ነበር። አሁን ሰው እግሩን ታጥቦ በንጹሕ ሲሚንቶ ላይ እየሄደ ይገባል፤ በገባ ቁጥር ላንቺ ዱዓ ነው።

የከተማውን ወሬ ደግሞ ስሚ። ግማሹ «ዘይኑ ላይ ጅኒ ሰፍሮበታል» ይላል። ግማሹ «አባቱ ወለሉ ሥር ወርቅ ቀብረዋል» ይላል። ሲራጅ እስካሁን አኩርፎኛል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላምታውን በአፍንጫው ነው የሚመልሰው።

ምክንያቴን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። እመኚኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ወንድምሽ ዘይኑ


ሻርጃ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም።

በሰደቃው ልቆጣህ አልችልም፤ አንተም ይህንን አውቀህ ነው ወደ መስጊድ የላክኸው። ተንኮለኛ። አላህ ይቀበለን።

ስለ ወለሉም ዛሬ አልጨቀጭቅህም። ሌላ ነገር ልጠይቅህ።

ፎቶውን አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ዘይኑ፣ ያንን ሱሪ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን እግር ደርቤ ነው በአንድ መቀስ የቆረጥኳቸው፤ አንዱ ካንዱ በክር አይበልጥም። ፎቶው ላይ የግራው እንዳለ ነው። የቀኙ ግን ከታች ታጥፎ ተሰፍቷል። ስፌቱ የዓፊያ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ክሩን ታጠብቀዋለች።

ጨርቅ አይዋሽም፤ በሰው ልብስ ነው እንጀራዬን የምበላው። የቀኝ እግርህ ምን ሆኗል? የተሰበረው የቀኙ አልነበር?

«እንደ ድሮዬ ነኝ» ያልከኝን ቃል ይዤ ነው ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የተኛሁት። እማን ብጠይቃት ታለቅሳለች፣ ዓፊያን ብጠይቃት ትደብቅልሃለች። አንተው ንገረኝ። ለእኔ ብለህ የደበቅኸው እንደሆነ እሱ ይበልጥ ነው የሚያመኝ። እኔ እኮ ታላቅህ ነኝ።

ሳቢራ


ከሚሴ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

እታለም፣ ቢስሚላህ ብዬ እውነቱን ልጀምርልሽ።

አጥንቱ ገጥሟል፤ ይሄ ውሸት አልነበረም። የገጠመው ግን አጥሮ ነው። የቀኝ እግሬ ከግራው ሦስት ጣት ያህል ያንሳል። ጉልበቴም እንደ ድሮ አይታጠፍም፤ ቁጢጥ ማለት ቀርቷል። መሬት ላይ ስቀመጥ ያ እግር እንደ ግንድ ተዘርግቶ ነው፤ ጣውላ ረግጦ ሊይዝልኝ አይችልም። የምራመደው በምርኩዝ ነው። በቪዲዮው ተቀምጬ የማወራልሽ ለዚህ ነበር። ሶላት ላይ ሰልፍ ስገባ ትከሻዬ ከጎረቤቴ ትከሻ ዝቅ ይልና እሸማቀቃለሁ።

የደበቅሁሽ፣ «ካልዳንክ ጥዬ እመጣለሁ» ስላልሽ ነው። አንቺ ደግሞ ያልሽውን ታደርጊያለሽ። እግሬን አጥቼ ያንቺን ሥራ ልጨምርበት? ሆዴ ይፍጀው አልኩ፤ ጀይላንንና ሲራጅንም እንዳይነግሩሽ አስማልኳቸው።

ጠረጴዛ ሥራ ስትዪኝ ግን ደስ አለኝ፤ ቆሜ እሠራለሁ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። መስኮቱ ሥር፣ በቀኙ ግድግዳ ቆምኩበት። እዚያ ስትቆሚ ፊትሽ ወደ ግድግዳው ነው፣ ቀኝ እግርሽ ወደ በሩ ይውላል። በሩ ደግሞ ቁልቁል ነው። አጭሩ እግሬ ቁልቁለቱ ላይ፣ ረጅሙ ዳገቱ ላይ! ሰውነቴ ሁሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ምርኩዙን ከያዝኩ የቀረችኝ አንድ እጅ ነች፤ መላጊያ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ምርኩዙን ከለቀቅኩ ወገቤ ይቆረጣል። ረመዳንን በሙሉ ሞከርኩት። ከዚያ «አበቃልኝ» ብዬ ሞርሳው ይሸጥልኝ የሚለውን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። የዚያን ቀን ሙያዬን ቀብሬ የተመለስኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ መጣ። የከብት ቤቱ ቆርቆሮ አርጅቶ በመስኮቱ በኩል ያፈስሳል፤ ልክ ጠረጴዛው ላይ። ሥራ ባልሠራበትም ዋንዛው ሲበሰብስ ማየት አልቻልኩም። ከዓፊያና ከወንድሟ ጋር ሆነን፣ ሳናዞረው፣ እንዳለ ወደ ግራው ግድግዳ ገፋነው። ሞርሳውን ፈትቼ ወደዚህኛው ፊት መለስኩት። ከዚያ ዓፊያና ወንድሟ ወጡ።

ጣውላው በርጥበት አብጦ ይሆን ብዬ መላጊያውን አነሣሁ። ላንድ አፍታ ልሞክረው ብዬ ነው። ገፋሁት፣ ሄደ። ደግሜ ገፋሁት። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወድቃል። ሽታው የድሮው ሽታ ነው፤ እኔም እየላግሁ እንደ ልማዴ አንጎራጉራለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ቀና ስል ዓፊያ በሩ ላይ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ዘይኑ፣ ምርኩዝህስ?» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ምርኩዜ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር፣ እዚያው የተውኩት ቦታ ተደግፏል። እኔ በሁለት እጄ መላጊያ ይዤ፣ መሃል ቤት፣ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

ገባሽ፣ እታለም? በግራው ግድግዳ ስቆም የቀኝ እግሬ ወደ ጀርባው ግድግዳ ይውላል፤ ዳገቱ ላይ። ረጅሙ ግራው ቁልቁለቱ ላይ ያርፋል። እኔ የጎደለኝን ያህል መሬቱ ከፍ ብሎ ይጠብቀኛል። አባባ ለበሬ ሽንት ብሎ ያዘቀዘቀው ወለል ለእግሬ ልክ ሆኖ ተገኘ! ዓለም ላይ እኔ ትክክል የምሆንበት አንድ ወለል ቢኖር ያ ነው። አልሃምዱሊላህ፣ ሺህ ጊዜ አልሃምዱሊላህ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ዓፊያም አለቀሰች፤ ወንድሟ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ሲሮጥ መጣ።

በር ሠራሁ፣ አልጋ ሠራሁ፣ ላንቺ ግን ደስታዬን መንገር አልቻልኩም። እንዳልነግርሽ እግሬን መናገር አለብኝ። ዝም እንዳልል አንቺና ሲራጅ በሲሚንቶ ልታስተካክሉኝ ጅጌ ጠርታችኋል። ያን ቀን በሩ ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው፤ ያንን ወለል አንዴ ካስተካከሉት እኔ ዳግመኛ ጎባጣ ነኝ።

ለሲራጅ ከትናንት ወዲያ አሳየሁት። በቀኙ ግድግዳ ቆሜ አየኝ፤ በግራው ቆሜ አየኝ። የግንበኛ ዓይን ነውና ወዲያው ገባው። «ዲሲ፣ ተወው። ይሄን ወለል እኔም አልነካውም» ብሎ አቀፈኝ። ታርቀናል።

አንቺስ? አፉ በይኝ፣ እታለም።

ወንድምሽ ዘይኑ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ወንድሜ፣ ዓለሜ፣ ውሸታሙ!

ደብዳቤህን ስፌት መኪናው ላይ ሆኜ ጀመርኩት። ስለ እግርህ ያለው ላይ ስደርስ መኪናውን አጠፋሁ። ምርኩዙ ላይ ስደርስ እልል አልኩ። አሠሪዬ ሮጣ መጥታ «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም፣ ወንድሜ ቆመ» አልኳት። ምንም አልገባትም፣ ግን የዚያን ቀን በጊዜ ለቀቀችኝ።

ተቆጥቼሃለሁ። ዓመት ሙሉ ለብቻህ ተሸክመኸዋል፤ ይህንን ስመጣ ጣቴን ቀስሬ እነግርሃለሁ። ጥዬ አልመጣም፣ አትፍራ፤ ለዕረፍቴ ነው የምመጣው፣ ኢንሻአላህ፣ ለሚቀጥለው ረመዳን። ግን እንደገና እንዲህ ብታደርገኝ አፉ አልልህም። አሁን አፉ ብያለሁ፤ ከልቤ። ላያስችል አይሰጥም ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እንዲህ ተደላድሎ ሲመጣ ግን አይቼ አላውቅም። አባባ አፈሩ ይቅለለው፤ ለላሞቹ ያሰበው ለልጁ ደረሰ።

ሲሚንቶ ይደልደል ብዬ የጮህኩት ሁሉ ትዝ ሲለኝ አስተግፊሩላህ እላለሁ። በገዛ እጄ ልሰብርህ ነበር እኮ! ለሲራጅ ደውዬ አመስግኜዋለሁ። ከእንግዲህ ያንን ወለል የነካ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው፤ ይህንን ለከተማው ሁሉ ንገርልኝ።

ሱሪህን ከአሁን ወዲያ በልክህ እሰፋለሁ፤ ዓፊያ ማጠፍ አይጠበቅባትም። የእጥፋቱን ቁመት ለክታ ልካልኛለች። ያንን ልክ ይዤ እዚህ ሰፈሬ ያለ ጫማ ሠሪ ጋ ሄድኩ። የቀኙን ጫማ ሶል በዚያው ልክ አወፈረልኝ፤ ከውጭ ብዙም አያስታውቅም፣ ሲራመዱበትም አይከብድም። በጀይላን ልኬልሃለሁ። ይሄ ከሞርሳው ይቀላል በለው። የሚቀጥለውን ቪዲዮ ግን ተቀምጠህ ብትልክልኝ አልከፍተውም።

እህትህ ሳቢራ


ከሚሴ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለእታለሜ ለሳቢራ። የሰጠሽኝን ያህል አላህ ጀነትን ይስጥሽ።

ቪዲዮውን አይተሽዋል ብዬ አምናለሁ። ከቤታችን እስከ መስጊዱ ነው፤ ዓፊያ ከኋላዬ እየተከተለች ነው የቀረጸችኝ። ምስሉ የሚወዛወዘው ስትስቅ ነው፤ ስታለቅስም ሊሆን ይችላል፣ አልጠየቅኋትም። እማ በሩ ላይ ቆማ ያየችኝ ጊዜ፣ «ይሄ የሳቢራ ጫማ ነው?» አለችና ጎንበስ ብላ ጫማውን ልትስም! ያዝኳት።

ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። የሠራሁትን በር የሚረከበኝ ሰውዬ እዚያ ቀጥሮኝ ነበር። ድሮ የሚያውቁኝ የአፋር ከብት ነጋዴዎች «አንተ ወድቀህ ነበር ሲባል?» አሉኝ። «ተነሣሁ» አልኳቸው። ገበያውን ዞርኩት፣ ደከመኝ፣ ግን የደከመኝ እንደማንኛውም ሰው ነው። ምርኩዜን ዓፊያ ለመስኮቱ መደገፊያ አድርጋዋለች።

ሲራጅ ለቆርቆሮው አዲስ ምስማር መትቶልኛል። አትደንግጪ፣ እሱ ነው የወጣው፤ እኔ ከታች ምስማር ሳቀብል ነበር። አሁን አያፈስም። የዕለት ጣጣችን እንዲህ ነው። ለረመዳን ስትመጪ የምትተኚበትን አልጋ ጀምሬያለሁ፤ ዋንዛ ነው።

አንድ ሞኝነቴን ልንገርሽና ላብቃ። ጫማው የመጣ ሰሞን በደስታ ብዛት ሳላወልቀው ወደ ሥራ ገባሁ። መላጊያውን ስገፋ ይንጋደዳል፤ ጣውላው ይጣመምብኛል፣ ወገቤም እንደ ድሮው ያዘኝ። ለካ ያንቺ ጫማም ከፍ ያደርገኛል፣ የአባባ ወለልም ከፍ ያደርገኛል፤ ሁለታችሁ ባንዴ አንሥታችሁኝ ነው! ብቻዬን ስስቅ ዓፊያ ጅኒው የእውነት መጣ ብላለች።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መንገዱን ሁሉ ባንቺ ጫማ እሄዳለሁ። የከብት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስደርስ፣ እንደ መስጊድ፣ ጫማዬን አወልቅና በባዶ እግሬ ወደ ጠረጴዛዬ እገባለሁ።

ወንድምሽ ዘይኑ